የእትዬ ወርቅውሃ ሦስት ጀማሪዎች

የሰው ድስት የሚከፍት ጎረቤት የሌለበት የኪራይ ግቢ በዚህ አገር ተሠርቶ አያውቅም። ቤት ተከራይታችሁ የኖራችሁ ሁሉ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ዕቃችሁን አራግፋችሁ ሳትጨርሱ፣ አንዲት ነገር ጥዳችሁ ዞር ከማለታችሁ፣ ከኋላችሁ የክዳን ድምፅ ትሰማላችሁ። ስትዞሩ አንድ ሰው ማንኪያ ይዞ ቆሟል። ሰላምታ የለም። ይቅርታ የለም። «ጨው አንሶታል» ይላችኋል። ጨው ሊያመጣልኝ ነው ብላችሁ ብትጠብቁ የዋህ ናችሁ፤ የሚቀጥለውን ቤት ድስት ሊከፍት ሄዷል።

እኔ የማወራላችሁ ግን ስለ ተራው ድስት ከፋች አይደለም። የዚህ ሙያ ሊቀ ሊቃውንት ስለነበሩት፣ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው ግቢያችን ስድስት ምድጃ በበላይነት ስለመሩት፣ ስለ ክብርት ወይዘሮ ወርቅውሃ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት። እኔ ንዋይ እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከፍቼ ከተማ መጥቼ፣ ስሙን በማልጠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። በደቂቃ አርባ ቃል እመታለሁ፤ ሽንኩርት ግን ልጬ አላውቅም። እናቴ ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት ከገባ ጢሙ አይበቅልም የምትል ሴት ነበረች።

ግቢው በገባሁ በሁለተኛው ቀን መኮሮኒ ጣድኩ። ውሃውንም መኮሮኒውንም ዘይቱንም አንድ ላይ ጨምሬ፣ ላምባ ምድጃዬን ለኩሼ ጋዜጣ ማንበብ ጀመርኩ። ከኋላዬ ክዳኑ ተነሣ፤ እትዬ ወርቅውሃ ናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መኮሮኒ ነው።»

«ነበር በል» አሉ። ማንኪያቸውን ተከሉበት፤ ማንኪያው እንደ ባንዲራ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በራ፤ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ሰው ፊት ሆነ። «ምንም አታውቅም ማለት ነው? እንቁላል መቀቀልስ?»

«አላውቅም።»

«እሰይ!» አሉ። «ሦስተኛዬን አገኘሁ።»

እትዬ ወርቅውሃ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ቁመታቸው አጭር ድምፃቸው ረጅም ሴት ነበሩ። በአንድ የእርሻ ሠፈር ለአራት መቶ ሠራተኛ አሥራ አምስት ዓመት ሲቀቅሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል። እሳቸው ከተማዋን ዞር ብለው አዩና ተናደዱ። ናዝሬት ምድጃ በማያውቅ ሰው ተሞልታለች፤ ተመድቦ የመጣ ወንደላጤ፣ ትናንት ያገባች ልጅ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ። ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም በሰልፍ ነው። ያቺን ያገኘ ሰው ደግሞ ወስዶ ያሳርራታል። «የቸገራቸው ማጣት ብቻ መሰለህ? ያገኙትን እያሳረሩት እኮ ነው!» ይሉ ነበር፣ እንደ ግል ስድብ ቆጥረውት።

ስለዚህ በጥቂት ነገር የሚሠሩ ምግቦችን ይፈለስፋሉ። የጥሬ ፓፓያ ወጥ፣ ዘይት ያልነካው ምስር፣ የቆቃ ዓሣ በቲማቲም፣ ያደረ ዳቦ ፍርፍር። ሥጋ የለበትም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሳህን ይበላዋል። ግን አንድ የማይታጠፍ ሕግ ነበራቸው። አንድ አሠራር አለቀ የሚባለው፣ ምንም የማያውቁ ሦስት ሰዎች፣ እሳቸው በሌሉበት፣ በየራሳቸው ቤት ሠርተውት የሚበላ ሲሆን ብቻ ነው።

«እኔ ሠርቼው ቢጣፍጥ ምን ይገርማል?» ይላሉ። «እኔ ነኛ!»

ከሦስቱ አንዷ በድሪያ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ መሐመድዘይን የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለሆነ ከወር ሃያ ቀን የለም። ሁለተኛው ጋሼ ሰንበታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ዳቦና ሻይ ላይ የቀሩ ሰው። ሦስተኛው እኔ።

የመጀመሪያው ፈተናዬ የፓፓያው ወጥ ነበር። እትዬ ወርቅውሃ በቃል ነገሩን፤ ሦስታችንም ወደየቤታችን ገብተን ሠራን፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሳህኖቻችንን ደረደርን። የበድሪያ ደህና ነው። የእኔ እንደ ምንም ይበላል። የጋሼ ሰንበታን የቀመስን ጊዜ አፋችን ተኮማተረ፤ መረረ። ፍሬውን ከነብዛቱ ከተውታል።

«ማውጣት ነበረብኝ እንዴ?» አሉ ጋሼ ሰንበታ፣ ግራ ገብቷቸው።

በድሪያ ሳቀች። እትዬ ወርቅውሃ ግን አልሳቁም። «አንቺ ምን ያስቅሻል? ‹ፍሬውን አውጡ› ብያለሁ? አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ከዚያ አሠራሩን ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና አሉት፤ በዚህ ጊዜ ፍሬው ሲወጣ፣ በምን እንደሚወጣ፣ ወጥቶ የት እንደሚጣል ጭምር። በማግሥቱ ሦስታችንም ድጋሚ ሠራን። ፓፓያ ለስድስት ቀን በላን። በስድስተኛው ቀን ጋሼ ሰንበታ የሠሩት ወጥ ከእኔ በለጠ፤ ሽማግሌው ሳህናቸውን ይዘው ግቢውን ሁለቴ ዞሩት።

ከቃላት ሁሉ የሚጠሉት «በመጠኑ» የሚለውን ነው። አንድ ቀን አንዲት የጎረቤት ግቢ ሴት «በርበሬ በመጠኑ ጨምሪ» ብላ በድሪያን ስትመክር ሰምተው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «በመጠኑ ማለት ስንት ነው? ለሚያውቅ ትነግሪዋለሽ እንዴ? የሚያውቅማ ያውቃል! በማንኪያ ንገሪያት!» ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢያችን በር ላይ ስትደርስ ማዶ ተሻግራ ታልፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ቁጣ ከየት እንደመጣ የተረዳሁት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። በድሪያ ሽሮ አሳርራ፣ ድስቱን ደብቃ እያለቀሰች አገኟት። ባሏ በማግሥቱ ይመጣል። እትዬ ወርቅውሃ አጠገቧ ቁጭ ብለው ድስቱን በአሸዋ ይፈትጉላት ጀመር።

«እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ተዳርኩ» አሏት። «አማቴ ‹ወጥ ሥሪ› አሉኝ። ‹እንዴት ነው?› ብላቸው ‹አይተሽ ልመጂ› አሉኝ። ምኑን ልይ? ሠራሁ። ለእንግዳ ቀረበ። አማቴ አንድ ጊዜ ቀምሰው፣ ድስቱን ከነትኩሱ ወስደው በእንግዶቹ ፊት ውሻ ላይ ደፉት። ውሻው ጮኸ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ወጥ ማበላሸት ያሳፍራል ብለሽ እንዳታምኚ። የሚያሳፍረው ሳያሳዩ መፍረድ ነው። አሁን ተነሽ፤ ሽሮውን ደግመን እንሠራለን።»

እንግዲህ እኔ የጎዳሁት እኚህን ሴት ነው።

የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ጓድ ኃይለየሱስ ይባላል። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ለአብዮት በዓል የሚደርስ ሥራ አሳዩ ተባለና፣ «ርካሽና ገንቢ ምግቦች ለጀማሪዎች» የሚል መጽሔት ይዘጋጅ ብሎ ወሰነ። በአንድ ሳምንት ከፈረንጅ መጽሐፍ አሥራ ሁለት አሠራር ተርጉሞ በእጅ ጽፎ ሰጠኝ። እኔ ስቴንስል ላይ መታሁት፤ አምስት መቶ ቅጂ ተባዛ። ቅዳሜ በቀበሌያችን አዳራሽ ለሕዝብ ይታደላል።

ረቡዕ ማታ አንድ ቅጂ በኩራት ለእትዬ ወርቅውሃ አመጣሁላቸው። ማንበብ የቻሉት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ፊደል በፊደል ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ማን ቀመሰው?»

«ማለት?»

«ይሄን ሠርቶ የበላው ማነው?»

«ጓድ ኃይለየሱስ ጻፈው።»

«መጻፉንማ አየሁት» አሉ። ገጾቹን ገለጡና የበቆሎ ዳቦው ላይ ቆሙ። በማግሥቱ ገጹን ለጋሼ ሰንበታ ሰጧቸው።

ጋሼ ሰንበታ የባቡር ሰው ናቸው፤ የተጻፈ መመሪያ ለእሳቸው ሕግ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ዳቦውን ይዘው መጡ። አልተነፋም፣ አልቀላም፤ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት እንደ ጡብ ድው አለ። እትዬ ወርቅውሃ ቆርሰው ቀመሱና ተፉት። እኔም ቀመስኩ። ጨው ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨው።

«ምን ያህል ጨመርክበት?»

ጋሼ ሰንበታ መነጽራቸውን አድርገው ከወረቀቱ አነበቡ። «‹ጨው፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ።› ልክ አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው ያደረግሁት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የወሩ የስንዴ ዱቄቴ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው።»

ያነበቡት እኔ የመታሁትን ነውና ደንግጬ፣ በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የእጅ ጽሑፉን አወጣሁ። «አንድ የሻይ ማንኪያ» ይላል። ከላዩ ያለው መስመር «ውሃ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ» ስለነበር ጣቴ በዚያው ቀጥሏል። ዘመኑን የኖረ ያውቀዋል፤ ከዚህ ባነሰ ነገር «አሻጥረኛ» ተብሎ እስር ቤት የገባ ሰው ነበር። ረቂቁን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ማታ እትዬ ወርቅውሃ ስብሰባው ላይ እንደሚነሡ ነገሩኝ።

«እትዬ፣ ይተውት። የማያውቅ የለም፣ አንድ ብርጭቆ ጨው ማንም አይጨምርም።»

«የሚያውቅ አይጨምርም» አሉ። «ወረቀቱ የተጻፈው ለማን ነው? ለማያውቅ አይደለም? የማያውቅ ሰው የጻፉለትን ያምናል። ሰንበታ አምኖ ዱቄቱን አጣ። አምስት መቶ ሰንበታ ልታደርጉ ነው እንዴ?»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ፤ መቅረት አይቻልም ነበርና። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አብተው መሀል ተቀመጠ፣ ጓድ ኃይለየሱስ በስተቀኙ። እኔ መጽሔቶቹን ተሸክሜ ከጠረጴዛው ጎን ቆምኩ። ጓድ ኃይለየሱስ ስለ አመጋገብ ሳይንስ ረጅም ንግግር አደረገና ለምሳሌ ያህል ማንበብ ጀመረ።

«‹ምድጃውን ወደ መቶ ሰማንያ ዲግሪ ማሞቅ...›»

«የምን ዲግሪ?» አለ ከመሀል አንድ የማውቀው ድምፅ። እትዬ ወርቅውሃ ቆመዋል። «ጓድ፣ እኛ ቤት ዲግሪ ያለው ሰው እንኳ የለም፤ ዲግሪ ያለው ምድጃ ከየት እናመጣለን?»

ሳቅ ሆነ። ጓድ አብተው ጠረጴዛውን መታ። «ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ጥያቄ ካለዎት በመጨረሻ ይጠይቃሉ።»

«ጥያቄዬ አንድ ነው። ይሄን ማን ቀመሰው?»

«በሳይንስ የተረጋገጠ ነው» አለ ጓድ ኃይለየሱስ።

እትዬ ወርቅውሃ ወደ ፊት ወጡ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ጥቅል አወጡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። የጋሼ ሰንበታ ዳቦ ነው። «ገጽ ሰባት። ከቃሉ አንድ አልጎደለም። እንግዲህ የተረጋገጠውን ቅመሱት።»

ጓድ ኃይለየሱስ እጁን ሰበሰበ። ጓድ አብተው ግን በሕዝብ ፊት ዳቦ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ትልቅ ቆርሶ ጎረሰ። አኘከ፤ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዳይተፋ ሊቀ መንበር ነው። በመጨረሻ ዋጠውና የጓድ ኃይለየሱስን ውሃ አንሥቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ።

«ይሄ አሻጥር ነው!» አለ ድምፁ ሲመለስለት። «ማነው ይሄን የጻፈ?»

«የኔ ረቂቅ እንዲህ አይልም!» ጓድ ኃይለየሱስ ከወንበሩ ተነሣ። «ማንኪያ ነው ያልኩት! ታይፒስቱ ነው!» ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ሁሉም ሰው አየኝ። መጽሔቶቹን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። እትዬ ወርቅውሃም አዩኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ።

«ታይፒስቱን ተዉት» አሉ። «ጣት ይሳሳታል። ምላስ የተሰጠን ለዚህ ነው። አምስት መቶ ወረቀት ስታባዙ፣ ከዚህ ሁሉ ሹም አንድ የሚቀምስ ምላስ አጣችሁ? ልጁ የሳተው አንድ ቃል ነው። እናንተ የሳታችሁት እኛን ነው።»

«አንቺ!» ጓድ አብተው ጮኸ። «ሕዝብ እያሳመፅሽ ነው!»

«አሁን ‹እርስዎ› ስትለኝ አልነበረም? ዳቦው ነው ‹አንቺ› ያስባለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የፈረደባቸው ያ ሳቅ ነው። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ይዘዋቸው ሲወጡ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ «መጽሔቱን እንዳታድል» አሉኝ ቀስ ብለው። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሁለት እግርና አንድ ምላስ እያለኝ፣ ቆሜ ቀረሁ።

የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ፣ አንዲት መስኮት ያለችው ክፍል ነበር። ጠባቂው ፈዬራ የሚባል፣ ጠመንጃው ከእሱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ጭምት ሰው ነው። ለታሳሪ ስንቅ የሚያመጣለት ቤተ ሰቡ ነው፤ የእትዬ ወርቅውሃ ልጅ ያለችው ቡልቡላ ስለሆነ ስንቁ በሦስት ጀማሪዎች ላይ ወደቀ።

እሑድ በድሪያ ምስር ወሰደች። በመስኮቱ ቀምሰው «ሽንኩርቱን አቻኩለሽዋል፤ ግን ይበላል» አሏት፤ በድሪያ ደስ ብሏት እየሮጠች ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሰንበታ ፓፓያ ወሰዱ። ፈዬራ እትዬ ወርቅውሃን በየጠዋቱ «አካም ቡልተን?» እያለ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃቸዋል፤ «ሰላም ነው፣ ፈዬራ፣ ግን ይሄ ክፍል አየር የለውም፣ ለሊቀ መንበርህ ንገረው» ይሉታል። ነገረውም።

እኔ አልሄድኩም። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ሰኞ ከሰዓት ግን ጓድ አብተው ራሱ አስጠራኝ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ግለ ሂስ ካላቀረቡ አይፈቱም፤ የቀበሌው ጸሐፊ ታሟል፤ ስለዚህ እሳቸው በቃል እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ገባሁ። እሳቸው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ተቀመጥና ጻፍ» አሉኝ። «እኔ ወርቅውሃ፣ ግለ ሂሴን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሦስት የሻይ ብርጭቆ የበቆሎ ዱቄትና አንድ የሻይ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት መንፋት።»

እስክሪብቶዬን አቆምኩ።

«ጻፍ እንጂ! ሁለተኛ፣ ጨው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የተላጨ። የተላጨ ማለት ከላይ ያለውን ክምር በጣት ጠርጎ መጣል ነው፤ እሱንም ጻፈው።»

«እትዬ... እኔ ነኝ እኮ። ብርጭቆ ብዬ የመታሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቁ?»

«ሐሙስ። ዳቦውን ስንቀምስ ሰንበታ ወረቀቱን ሲያነብ አየሁህ። ከሁላችንም ይልቅ የደነገጥከው አንተ ነህ። ሌላው ሰው ጨው ሲበላ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አንተ ነጣህ።»

«ታዲያ ለምን... አሁኑኑ ለሊቀ መንበሩ እናገራለሁ።»

«ተናግረህ ምን ይሆናል? እኔን ሦስት ቀን አስረው ይተዉኛል፤ አሮጊት ነኝ። አንተን ግን ጫፍህን ካገኙ በዚያው ይጎትቱሃል። ዳቦውም ተረስቶ ይቀራል። ዝም በል። የምትናገርበት ቀን ሌላ ነው፤ ስትደርስበት ታውቀዋለህ። ሦስተኛ፣ እንቁላል የለምና በደንብ የበሰለ ፓፓያ ግማሽ። ዲግሪ ያለው ምድጃ የለምና ድስት ውስጥ የሙዝ ቅጠል አንጥፎ፣ ሊጡን ጨምሮ፣ ክዳኑ ላይ ፍም።»

«ስንት ፍም?» አልኩ፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

ሳቁ። «እንዲህ ነው መጠየቅ! አሥር። የእንቁላል ያህል ያላቸው።»

ጓድ አብተው ወረቀቱን ሲያነብ ደም ሥሩ ተገተረ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ግለ ሂስ ነው» አልኩ።

«ዳቦ ነው እንጂ!»

«ገና ዳቦ አልሆነም!» አሉ እትዬ ወርቅውሃ ከውስጥ። «ሳይሠራና ሳይቀመስ አልፈርምም! ያልተቀመሰ ወረቀት ፈርመን ነው እዚህ የደረስነው!»

ያን ጊዜ ፈዬራ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ልሥራው። ዱቄት ከቤት አለኝ።»

«ትችላለህ?»

«ሠርቼ አላውቅም።»

ከውስጥ «እሰይ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

ማክሰኞ ጠዋት ፈዬራ ከእስር ቤቱ በር ላይ ሦስት ጉልቻ ጎልቶ ተቀመጠ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ ያነባል። እትዬ ወርቅውሃ በመስኮቱ ላይ አሉ፤ አንድ ቃል መናገር ግን በራሳቸው ሕግ ክልክል ነው። ፈዬራ ጨውን ከማንኪያው በላይ ሲከምር እትዬ ወርቅውሃን አየኋቸው፤ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከንፈራቸውን ነከሱ። ፈዬራ ወረቀቱን እንደገና አነበበ። ጣቱን አውጥቶ ክምሩን ጠረገ። እትዬ ወርቅውሃ ተነፈሱ።

ዳቦው ሲከፈት ቀልቶ፣ ተነፍቶ ነበር፤ የሙዝ ቅጠሉ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጓድ አብተው ምሳውን አልበላም ነበር። ጥቂት ቆርሶ በጥንቃቄ ቀመሰ። ከዚያ ሌላ ቆረሰ። ሦስተኛውን ሲቆርስ ፈዬራ ለልጆቼ ይቅርልኝ በሚል ዓይን አየው።

«ይፈርሙና ይሂዱ» አለ ጓድ አብተው ወደ መስኮቱ ሳያይ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው «እርስዎ» ነበር። ወረቀቱ «ግለ ሂስ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት የቀበሌው መዝገብ ውስጥ ገባ።

መጽሔቶቹ ተሰብስበው መጋዘን ገቡ። በአራተኛው ሳምንት ጓድ ኃይለየሱስ ሌላ የእጅ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ፤ ስለ ዓሣ ነው፣ ያውም በቅቤና በነጭ ወይን የሚጠበስ ዓሣ። «እስከ ዓርብ» አለኝ።

«አልመታም» አልኩ።

የጆሮው ችግር መሰለው። «ምን አልክ?»

«አንድ ሰው ሠርቶ እስኪበላው አልመታም። ባለፈው ብርጭቆ ብዬ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴ ነው። እርስዎ ደግሞ ሳያስሞክሩ ፈረሙበት። በዚህ አሠራር ሌላ ሰው ዱቄቱን አያጣም።»

ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ግን ወጣ። ጓድ ኃይለየሱስ ስለ ዲሲፕሊን ግማሽ ሰዓት ተናገረ። በሦስተኛው ቀን የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አቦምሳ። ደብዳቤውን ራሴ እንድመታው አደረገኝ፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ለእትዬ ወርቅውሃ ስነግራቸው «ጎበዝ» አላሉኝም። «አቦምሳ ቲማቲም ርካሽ ነው» ብቻ አሉና ፊታቸውን አዙረው ድስት መፈተግ ጀመሩ። ድስቱ ንጹሕ ነበር።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ተራ መጡ። እናቶች ለተጓዥ ልጆቻቸው ጭኮ ይሰጣሉ፣ ቆሎ ይሰጣሉ፣ በድሪያም ጋሼ ሰንበታም አንዳንድ ነገር ጠቅልለውልኛል። እትዬ ወርቅውሃ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። መጀመሪያ ሻንጣዬ ከላይ በደንብ ስለመታሰሩ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቁ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ቀና ብለው አዩኝ።

«ምንም አልያዝኩልህም» አሉ ጮክ ብለው፤ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ሰማ። «ስንቅ የሚቋጠረው ለማይችል ሰው ነው።»

ከእናቴ ጀምሮ ብዙ ሰው መርቆኛል። እንደዚያ የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከትተው ቆመው ነበር፤ መልካሳን እስክናልፍ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ምን ሆነሃል ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።